ዴልሂ እና ቶኪዮ፤ ሲሄዱ የሚያጥር፣ ሲመለሱ የሚረዝም መንገድ

በጥር ወር ከዴልሂ ወደ ቶኪዮ ለመብረር ትኬት ስቆርጥ፣ በላዩ የሰፈሩት ሰዓቶች ግራ አጋብተውኝ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ስመነዝራቸው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተነሥቼ በማግሥቱ ከጧቱ 1 ሰዓት ከ45 ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ እደርሳለሁ፤ ስመለስ ደግሞ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተነሥቼ ከቀኑ 11 ሰዓት ዴልሂ እገባለሁ። ይህን ያየ ሰው መሄጃው 11 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ መመለሻው ግን 6 ሰዓት ብቻ የሚፈጅ ይመስለዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። መነሻውም መድረሻውም በየአገሩ ሰዓት ስለሚጻፍ፣ ጃፓንም ሕንድን በ3 ሰዓት ተኩል ስለምትቀድም፣ መሄጃው 7 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፣ መመለሻው 9 ሰዓት ተኩል ነበር።

የሁለቱ ከተሞች የአየር ርቀት በአጭሩ መስመር ሲለካ ወደ 5,850 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይሁን እንጂ ያ መስመር የቲቤትን አምባ ያቋርጣል። የአምባው አማካይ ከፍታ ከራስ ዳሸን ጫፍ ብዙም የማያንስ በመሆኑ፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው አየር ድንገት ቢያመልጥ አብራሪው መንገደኛው ያለ ኦክስጅን ጭምብል ወደሚተነፍስበት 3,000 ሜትር ገደማ ዝቅ የሚልበት ቦታ አያገኝም። ስለዚህ እኛም ከፊታችን ባለው ካርታ ላይ እንዳየሁት በቤንጋል፣ በሚያንማርና በደቡብ ቻይና በኩል ዞረን ሄድን።

ቻይናን ከተሻገርን በኋላ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ፍጥነት በሰዓት ከ1,100 ኪሎ ሜትር አለፈ። የሞተሩ ድምፅ ግን እንደነበረ ነው፤ የገፋን ነፋስ ነበር። በክረምታቸው የሳይቤሪያ ብርድ ከሞቃታማው ባሕር አየር ጋር ሲገናኝ፣ በጃፓን ሰማይ በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ጄት ስትሪም እጅግ ይበረታል፤ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። ይህን ነፋስ ቀድመው የለኩት ጃፓናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ዋሳቡሮ ኦይሺ ነበሩ። ከቶኪዮ ብዙም በማይርቀው በታቴኖ ጣቢያ ፊኛ እየለቀቁ ያገኙትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳተሙት፣ ዓለም ሁሉ እንዲያነበው ብለው፣ ለዓለም መግባቢያ ተብሎ በተፈጠረው በኤስፔራንቶ ቋንቋ ነበር። ቋንቋውን የሚያውቅ ጥቂት በመሆኑ ያ ድንቅ ሥራ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቀረ፤ ይህን ሳስብ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ስንመለስ ያው ነፋስ ፊት ለፊት ገጠመን፤ ፍጥነታችን ወደ 700 ወረደ። እንዲህ ባለ ጊዜ አብራሪዎች ነፋሱ ወደሚለዝብበት አቅጣጫ ዘወር ብለው፣ በርቀት ጥቂት ጨምረው በሰዓትና በነዳጅ ያተርፋሉ። እኔ ግን በመዘግየታችን አልተከፋሁም። ቤንጋልን እንዳለፍን በቀኝ በኩል ሂማላያ ብቅ አለ፤ 8,586 ሜትር የሚረዝመው ካንቼንጁንጋ ከደመናው በላይ ነጭ ሆኖ ቆሞ ነበር። በዚህ መንገድ በቀን የሚመለስ ሰው የቀኙን መስኮት እንዲይዝ አጥብቄ እመክራለሁ።

ዴልሂ ስናርፍ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር፤ በተነሣንበት በቶኪዮ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።