ከ7 ሽንፈት በኋላ

ዛሬ እዚህ ዱባይ አብረውኝ የሚሠሩት ህንዶች ሥራ አስፈቱን። የወንዶች ሆኪ (ሣር ላይ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ብሔራዊ ቡድናቸው አንትወርፕ ላይ ቤልጂየምን 4 ለ 3 ሲያሸንፍ በስልክ እያዩ ጮሁ፣ ተቃቀፉ፣ ሻይ ጋበዙን፤ እኔማ ዋንጫ የወሰዱ ነው የመሰለኝ። ለካ ከዚህ በፊት በተከታታይ 7 ጨዋታ ተሸንፈው ነው! በ2024-25 ፕሮ ሊግ (የብሔራዊ ቡድኖች የሆኪ ሊግ) አውሮፓ ከገቡ ጀምሮ ኔዘርላንድስ፣ አርጀንቲና፣ አውስትራሊያ ሁለት ሁለቴ ረቷቸው፣ ያውም ስድስቱንም በአንድ ጎል ልዩነት፤ ሰባተኛውን ያሸነፈቻቸው ራሷ ቤልጂየም ናት። በአንድ ጎል መሸነፍ እኮ በሰፊው ከመሸነፍ ይብሳል። ዛሬ ግን መጨረሻ ላይ አምበሉ ሃርማንፕሪት ሲንግ አገባና ተገላገሉ።

እኔ ከገና ጨዋታ ውጪ ኳስ በዱላ ሲመታ ብዙም አላየሁም (አያቴ አገር ነው ያየሁት)። ይሄኛው ፍጥነቱ ያስደነግጣል። 15 ደቂቃ አራት ጊዜ ይጫወታሉ። አቻ ከወጡ አንድ አንድ ነጥብ ይዘው ለተጨማሪዋ አንድ ነጥብ ይለያያሉ፤ ተጫዋቹ በ8 ሴኮንድ ውስጥ በረኛውን ብቻ ለብቻ ገጥሞ ማግባት አለበት። እግር ኳስም እንዲህ ቢሆን ለአቻ ብለው ሰዓት የሚገድሉትን እናያቸው ነበር!

ደግሞ ሊጉ ውስጥ 9 ቡድን ብቻ ነው ያለው፣ መጨረሻ የወጣው ይወርዳል። ጩኸታቸው ያኔ ገባኝ።