ናፒየርም፣ ጃንሆይም፦ ስለ እንግሊዝ ፊልድ ማርሻልነት

ፊልድ ማርሻል ከጄኔራል በምን ይበልጣል? እዚህ አዳማ ቡና ላይ ወሬው ወደ ወታደር ማዕረግ በዞረ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይነሳል። በተለይ በ2014 ዓ.ም. የገና ማግስት ጄኔራል ብርሃኑ ጁላ ማዕረጉን ካገኙ ወዲህ የማይጠይቅ የለም። እኔ ግን ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ስለ እንግሊዞቹ ፊልድ ማርሻልነት ነው። ከእኛ ታሪክ ጋር በጣም የተጠላለፈ ነገር ነው፣ ትምህርት ቤት ግን ማንም አላስተማረንም።

በእንግሊዝ ምድር ጦር ከፊልድ ማርሻል በላይ ማዕረግ የለም። ጄኔራሉ ከሱ በታች ነው። ማዕረጉን እ.ኤ.አ. በ1736 የጀመረው ንጉሥ ጆርጅ ሁለተኛ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ያገኙት ሰዎች ከ140 ትንሽ ቢበልጡ ነው። ፊልድ ማርሻል ጡረታ አይወጣም፤ ሥራ ባይኖረውም እስኪሞት ድረስ በጦሩ መዝገብ ላይ ነው። ትከሻው ላይ ሁለት የተጣመሩ በትሮች፣ ዙሪያቸውን የቅጠል ጉንጉን፣ ከላይ ደግሞ ዘውድ ያደርጋል። እጁ ላይ የሚይዘው በትር ቀይ ከፋይ ለብሶ የወርቅ አንበሶች ተበትነውበታል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ዘንዶውን የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ። ታቦቱ አድዋ ዘምቷል ብሎ ለሚያምን ሕዝብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ እኔ መጀመሪያ ሳነብ ገርሞኝ ደጋግሜ ነው ያየሁት።

ከሁሉም ልቤን የሚነካኝ ዊሊያም ሮበርትሰን የሚባለው ሰው ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፣ በልጅነቱ በሰው ቤት ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1877 ተራ ወታደር ሆኖ ሲቀጠር እናቱ ቀይ ኮት ለብሰህ ከማይህ ብቀብርህ ይሻለኛል ብላ ጻፈችለት፣ ያኔ ወታደርነት እንዲህ የተናቀ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 ፊልድ ማርሻል ሆነ። ከታችኛው ወታደር ተነስቶ እዚያ የደረሰ በእንግሊዝ ጦር ታሪክ እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ አብዛኞቹ የመኳንንትና የባለጸጋ ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

ሮበርት ናፒየርን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወደ 13,000 ወታደርና ከህንድ በመርከብ የመጡ 44 ዝሆኖች ይዞ በቀይ ባሕር ዳርቻ ባለችው በዙላ በኩል ገብቶ መቅደላ ድረስ የወጣው ሰውዬ ነው። ያኔ ማዕረጉ ሌተና ጄኔራል ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን አጠፉ። ከዚያ አምባው ተዘረፈ። ብራናው፣ ዘውዱ፣ ታቦቱ፣ መስቀሉ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ። ልዑል ዓለማየሁም ገና በሕፃንነቱ ተወሰደ፣ ሳይመለስም እዚያው እንግሊዝ አገር ሞተ። ናፒየር አገሩ ሲገባ የመቅደላው ሎርድ ናፒየር ተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ደግሞ ፊልድ ማርሻል ሆነ። ዛሬም ለንደን ውስጥ ኩዊንስ ጌት በሚባለው መንገድ ላይ ፈረስ ላይ እንደተቀመጠ ሐውልቱ ቆሟል።

ሁለተኛው ሰው አርቺባልድ ዌቭል ነው፣ እሱን እኛ ጋ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ከአገራችን ስትባረር ካይሮ ተቀምጦ የመካከለኛው ምሥራቅን የእንግሊዝ ጦር በሙሉ የሚያዘው እሱ ነበር። ከሱ ሥር ያለው ጄኔራል ካኒንግሃም ከኬንያ ተነስቶ በሞቃዲሾ፣ በጅጅጋ፣ በሐረርና በድሬዳዋ አድርጎ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ አዲስ አበባ ደረሰ፣ መጋቢት 28 ቀን። ከአዋሽ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ደግሞ የሚያልፈው በዚህ በእኛ ከተማ ነው። የደቡብ አፍሪካ፣ የናይጄሪያ፣ የጎልድ ኮስት (የዛሬዋ ጋና) እና የኬንያ ወታደሮች ነበሩበት። ይህን ስጽፍ አርበኞቻችንን ሳልጠቅስ አላልፍም፣ አምስት ዓመት ሙሉ በየጫካው ጣልያንን እንቅልፍ ባይነሱት ኖሮ ያ ሁሉ ፍጥነት ከየት ይመጣ ነበር? ዌቭል እ.ኤ.አ. በ1943 ፊልድ ማርሻል ሆነ። ካኒንግሃም ግን ያንን ሁሉ አገር አቋርጦ ማዕረጉን አላገኘም።

ሦስተኛው የራሳችን ሰው ናቸው። ጃንሆይ።

እንግሊዞች ለውጭ አገር ነገሥታትም ማዕረጉን በክብር ይሰጡ ነበር። ለጀርመኑ ካይዘር ዊልሄልም ሰጥተው እ.ኤ.አ. በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ነጠቁት፣ ለጃፓኑ ሂሮሂቶ ሰጥተውም ኋላ ጠላት ሲሆን ከዝርዝሩ ሰረዙት። ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የሰጡት ጥር 12 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው ባዝ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ በችግር የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው እዚያ እያሉ ነው የእንግሊዝ መንግሥት በ1938 እ.ኤ.አ. የጣልያንን ወረራ እንደ ሕጋዊ ግዛት የተቀበለው። እንዲህ ያደረገ መንግሥት ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ የጦሩን የመጨረሻ ማዕረግ ሲሰጣቸው፣ እኔ በበኩሌ እንደ ትልቅ ክብር ነው የማየው። ስደተኛ ሆነው የሄዱበት አገር ነው በዚያ ማዕረግ የጠራቸው።

ማዕረጉ በተሰጠ በሁለተኛው ሳምንት ንግሥት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን ልትጎበኝ መጣች። ስትመጣ የአፄ ቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ይዛ ነበር የመጣችው። ናፒየር ከመቅደላ ካወረደው ውስጥ መሆናቸውን ልብ በሉ። እንግዲህ በአንድ ወር ውስጥ ጃንሆይ ከናፒየር ጋር አንድ ማዕረግ ያዙ፣ ከናፒየር ዘረፋም ጥቂቱን ተረከቡ።

ጥቂቱን ነው ያልኩት። ቅሬታዬም እዚህ ላይ ነው። ከመቅደላ ከሄዱት ታቦታት ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ናቸው፣ ለሕዝብ አይታዩም፣ ለጥናትም አይሰጡም፣ ቅድስናቸው ይከበር ተብሎ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ቅድስናቸውን ካወቁ የሚያርፉበት መቅደስ የት እንዳለም ያውቃሉ። የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር በ2011 ዓ.ም. ተመልሷል፣ ስለዚህ ከተፈለገ እንደሚቻል አይተናል። ንጉሥ ቻርልስ ራሳቸው ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊልድ ማርሻል ናቸው። ከመንበሩ በላይ ይህ ማዕረግም ከጃንሆይ ጋር ያገናኛቸዋል፣ እኔ ብሆን ታቦታቱ ይመለሱ ብዬ የምጽፍላቸውን ደብዳቤ በዚህ በኩል ነበር የምጀምረው።

ለታሪክ መምህራን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። የመቅደላን ታሪክ ስታስተምሩ ናፒየርን መቅደላ ላይ አትተዉት። በኋላ ምን እንደተሸለመ፣ ያንኑ ማዕረግ ከሰማንያ ሁለት ዓመት በኋላ ማን እንደያዘው አብራችሁ ንገሯቸው። ልጆቹ ታቦታቱ የት እንዳሉ ራሳቸው ይጠይቃሉ።