ኳሷን ቀጥ ያደረገልኝ የዱላው ገጽ

ቀኝ እጅ የጎልፍ ተጫዋቾችን በብዛት የሚያስቸግረው ስላይስ እኔንም ለረጅም ጊዜ አስቸግሮኛል። ኳሷ ገና ከመነሻዋ ከዒላማው በስተቀኝ ትወጣና፣ እየራቀች በሄደች ቁጥር ይበልጥ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። የምለማመደው በዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው በላንግስተን የጎልፍ ሜዳ ሲሆን፣ ይህ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተው የዘር መድልዎ ከሌሎች ሜዳዎች ላገዳቸው ጥቁር ተጫዋቾች ነበር። በአጠገቤ የሚቆሙ ሰዎች ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ወደ ግራ አነጣጥር» ይሉኛል። ወደ ግራ ባነጣጠርኩ መጠን ግን ዱላው ኳሷን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ከሰውነቴ ራቅ ካለው ወገን ወደ እኔ፣ እየቆረጠ ስለሚያልፍ መታጠፉ ይብስ ነበር።

ነገሩ የተፈታልኝ የኳስን በረራ የሚወስነውን ሥርዓት በሚገባ ስረዳ ነው። ኳስ የምትነሣበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው በምቱ ቅጽበት የዱላው ገጽ፣ ማለትም ኳሷን የሚመታው ጠፍጣፋ ክፍሉ፣ የሚያይበት አቅጣጫ ሲሆን፣ መታጠፏን የሚወስነው ደግሞ በገጹ አቅጣጫና ዱላው በሚጓዝበት መንገድ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የቀድሞ አሠልጣኞች የመነሻውን አቅጣጫ የሚወስነው የዱላው መንገድ ነው እያሉ ያስተምሩ ነበር፤ የራዳር መለኪያዎች ሲስፋፉ ግን ይህ ትምህርት ትክክል እንዳልሆነ ታወቀ። ዱላና ኳስ የሚነካኩት ለሰከንድ 1/2000 ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ቅጽበት ገጹን በእጅ ለማስተካከል መሞከር ከንቱ ነው። መስተካከል ያለበት አስቀድሞ፣ በአያያዝ ነው።

የግራ እጄን አያያዝ ስመረምር እጀታው በመዳፌ መሐል ተኝቶ አገኘሁት። የውሃ ባልዲ ስናነሣ ማንጠልጠያው በጣቶቻችን ሥር እንደሚያርፍ ሁሉ፣ የዱላውም እጀታ ከትንሿ ጣት ሥር ተነሥቶ በሰያፍ እስከ ጠቋሚ ጣት መሐል እንዲያርፍ አደረግሁ። ወደ ታች ስመለከት የግራ እጄ ሁለት አንጓዎች በግልጽ ይታዩኛል፤ በአውራ ጣቴና በጠቋሚ ጣቴ መካከል ያለው መሥመርም ወደ ቀኝ ትከሻዬ ያመለክታል። መጀመሪያ ላይ እጄ የሌላ ሰው እጅ መስሎኝ ነበር፤ ኳሷ ግን ወዲያውኑ ወደ ዒላማው መነሣት ጀመረች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ፦ ታላቁ አሜሪካዊ የጎልፍ ተጫዋች ቤን ሆጋን ኳሱ ወደ ግራ እየታጠፈ ስላስቸገረው የግራ እጁን አያያዝ ያዞረው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ስለዚህ በስላይስ የሚቸገር ሰው የሆጋንን አያያዝ ቢቀዳ ሕመሙን ያባብሳል።

ዱላው የሚጓዝበትን መንገድ ለማስተካከል ብዙ አልደከምኩም። ኳሷን ከልኩ በላይ ወደ ፊት፣ ማለትም ወደ ዒላማው ወገን፣ አስቀምጣት ስለነበር ትከሻዬ ወደ ግራ ይከፈት ነበር፤ ጥቂት ወደ ኋላ መለስኳትና የእግሬን ጣቶች መሥመር የሚያሳይ ዘንግ መሬት ላይ አጋደምኩ።

አስቸጋሪው ሥራ ኳሷን አጥርቶ መምታት ነበር። በሰው ሠራሽ የሣር ምንጣፍ ላይ የሚለማመድ ሰው በዚህ ረገድ ይታለላል፤ ዱላው ከኳሷ በፊት መሬት ቢነካም ተንሸራቶ ስለሚደርስባት ምቱ ደህና ይመስላል። እኔ ግን ሣር ላይ በኖራ ቀጭን መሥመር አሰምርና፣ ኳስ ሳላስቀምጥ፣ 7 ቁጥር አይረን (ራሱ ከብረት የሆነ ዱላ) ይዤ መሥመሩ ላይ እሰነዝራለሁ። አፈሩ የሚነሣው ከመሥመሩ ፊት፣ ማለትም ከዒላማው ወገን ከሆነ ክብደቴ በጊዜው ወደ ግራ እግሬ ተሻግሯል ማለት ነው፤ ከኋላው ከሆነ ደግሞ በቀኝ እግሬ ላይ ቀርቻለሁ። ከአሠልጣኝ ቃል ይልቅ ይህን የተቦጨቀ አፈር አምናለሁ።

ድራይቨር፣ ማለትም ኳሷን ሩቅ ለመምታት የሚያገለግለው ረጅም ዱላ፣ ሲያስቸግረኝ የማደርገው ሌላ ነው። ለእግር የሚነፋ ነጭ ዱቄት ገጹ ላይ እነፋና ከምቱ በኋላ የኳሷ ክብ አሻራ የት እንዳረፈ እመለከታለሁ። አሻራው ወደ እጀታው በቀረበው ጫፍ ላይ ከሆነ ገጹ ቀጥ ብሎም እንኳ ኳሷ ወደ ቀኝ ልትታጠፍ ትችላለች፤ እንዲህ ሲሆን አያያዜን አልነካም፣ ከኳሷ ጥቂት ራቅ ብዬ እቆማለሁ።