ዛሬ ጠዋት መስቀል አደባባይ

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ለእርምጃ ስወጣ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቼ ስኒከሬን አጠለቅኩና ማሰሪያው ላይ ስደርስ ፈዝዤ ቀረሁ። ጉልበቴ አልታጠፍ ካለኝ ጀምሮ የምታስርልኝ እሷ ነበረች፤ ድርብ አድርጋ፣ "ተደናቅፈህ ሰው እንዳታስቅብኝ" እያለች።

እንደምንም አሰርኩት።

ድንኳኑ እስካለ ድረስ ሰው አለ፣ ቡና አለ፣ ጨዋታም አይጠፋም። ከተነቀለ በኋላ ነው ቤቱ የሚከብደው። አርባዋ ወጥቶም ከወንበሬ አልነሳ ብዬ ልጆቼን አስመርሬያለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ላለነውም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። እኔ ዛሬ 20 ሞክሬ አምስቱን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ (እሱ ይቆጠር እንደሆን እንጃ)።

ወጣቶቹ እርከኑን እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። አንዱ አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። "አባባ፣ ማሰሪያዎ ተፈቷል" አለና ሳልመልስለት ተንበርክኮ አሰረልኝ። ላቡ ጫማዬ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እግሬን እስኪቆነጥጠኝ አጥብቆ፣ እሱም ድርብ አድርጎ።

"ተባረክ ልጄ" እንኳ በቅጡ አላልኩትም፤ ሮጦ ሄደ። አንድ ዙር ጨምሬ ወደ ቤት።