ሰንሰለቱን ማን ሞረደው?

ሱሉልታ አካባቢ ባሕር ዛፍ እንቆርጥ ነበር። አደጋው የደረሰው ዛፉ ሲወድቅ አይደለም። ዛፉማ በሰላም ወድቋል። ዛፍ ሲወድቅ ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል፤ ግንዱ መሬት ከነካ በኋላ ግን መዘናጋት ይመጣል። ቅርንጫፍ መመልመል እንደ ቀላል ሥራ ነው የሚታየው።

አንድ ጎረምሳ ባልደረባችን በሞተር መጋዝ እየመለመለ ወደ ዛፉ አናት ተጠጋ። ዓይኑ የሚቆርጠው ቅርንጫፍ ላይ ነው። የባሩ (ሰንሰለቱ ዙሪያውን የሚሮጥበት ረጅም ጠፍጣፋ ብረት) ጫፍ ግን ቅርንጫፉን አልፎ በቅጠል የተሸፈነ ሌላ ግንድ ነካ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ቢሆንም አየሁ ለማለት ይከብደኛል። "ጧ!" የሚል ድምፅ ሰምቼ ዞር ስል መጋዙ ፊቱ ላይ ደርሷል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ሰንሰለቱ ግን ቆሟል። ብረቱ ግንባሩን ፈንክቶታል። ጤና ጣቢያ ወስደን አሰፋነው፤ ደግነቱ ከዚያ የባሰ ነገር አልተገኘበትም።

ማታ ሻይ ላይ ሁሉም ተንታኝ ሆነ። አንዱ "መጋዙ ጉልበቱ ከሱ በላይ ነው" አለ። ሌላው "አጥብቆ አልያዘውም" አለ። እኔ በዚህኛው አልስማማም። አጥብቆ መያዝ ግዴታ ነው፤ ግን መጋዝ ሲወረወር ነገሩ የሚያልቀው ሰው "ምን ሆነ?" ብሎ ሳያስብ ነው።

ሰንሰለቱ በባሩ የላይኛው ጎን ወደ ፊት ይሮጥና ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ ታች ይታጠፋል። አደገኛዋ ቦታ ይህች መታጠፊያ ናት፣ በተለይ የጫፉ የላይኛው ሩብ። እዚያ ጋ ጥርሱ ጠንካራ ነገር ነክሶ መቁረጥ ሲያቅተው፣ ጉልበቱ በሙሉ ባሩን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ከኋላ ያለው ደግሞ ሠራተኛው ነው። ሙሉ ጋዝ ላይ ሰንሰለቱ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ በሰዓት ሲሰላ 72 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን በክንድ ጉልበት የሚመልስ ጎረምሳ የለም።

ልጁን ያተረፈው ፍሬኑ ነው። ከፊተኛው እጀታ ፊት ያለችው መከላከያ ለጣት ብቻ የተሠራች የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መጋዙ በኃይል ሲወረወር በራሷ፣ ወይም የእጅ አንጓ ሲገፋት፣ ወደ ፊት ሄዳ ሰንሰለቱን ታቆማለች። ባሩን ግን አታቆመውም። ለዚህ ነው ግንባሩ ተፈንክቶ የቀረው እንጂ ያልተሰነጠቀው። "ሥራ ታጓትታለች" ብለው ይህችን መከላከያ በሽቦ የሚያስሩ ሰዎች አሉ። ምን እንደሚባሉ አላውቅም። ሔልሜት ቢያደርግ ኖሮ ደግሞ ስፌቱም ባልመጣ።

በማግሥቱ ጠዋት ፎርማናችን ሰንሰለቱን አስፈታ። መነጽሩን አድርጎ ጥርስ በጥርስ አየው።

"ይህን ማን ነው የሞረደው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ" አለ ከመካከላችን አንዱ። "ቶሎ እንዲበላ ብዬ ነው።"

"እንዴት እንደሚበላማ ትናንት አየነው!"

ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ትንሽ ጉብታ አለች። ሥራዋ ጥርሱ በአንዴ ምን ያህል እንጨት እንደሚነክስ መወሰን ነው። በብዙ ሰንሰለቶች ጉብታዋ ከጥርሱ ዝቅ የምትለው 0.65 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ስትሞረድ መጋዙ መጀመሪያ ላይ ይፈጥናል፤ ሠራተኛውም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ጥርሱ ከአቅሙ በላይ ይነክሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጫፉ የሆነ ነገር ሲነካ ደግሞ አወራወሩ ይከፋል። ያ ልጅ እጀታውን ሲጨብጥ የያዘው እንዲህ ያለ ሰንሰለት ነበር። ማንም አልነገረው፤ እሱም አልጠየቀ።

ፎርማኑ ሌላም ነገር አስተካከለ። የግራ አውራ ጣት በእጀታው ሥር ዞሮ እንዲጨብጥ አደረገ፤ ብዙዎቻችን ከአራቱ ጣቶች ጋር ከላይ ነበር የምናሳርፈው። የግራ ክንድ ቀጥ ይበል፣ ሰውነት ደግሞ ከባሩ መስመር ወደ ግራ ፈንጠር ብሎ ይቁም አለ። ከትከሻ በላይ መቁረጥ ቀረ። ከመመልመል በፊት ከቅርንጫፉ ጀርባ ያለውን ቅጠል ገፍቶ ማየትም ግድ ሆነ። ይኼኛው በጣም ያሰለቻል፤ አሁንም የሚያጉረመርም አለ።

ትልቁ ክርክር የተነሳው በሰንሰለቱ ነው። ያለቀችን ጉብታ መልሶ ማሳደግ አይቻልም። ነገር ግን ጥርሱ ወደ ኋላ ተዳፋት ስለሆነ፣ ጥርሱ ራሱ እየተሞረደ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ከፍታው ይቀንሳል፤ ልዩነቱም ወደ ልኩ ይመለሳል። ፎርማኑ ይህን አስደረገ። በዚህ ምክንያት የሰንሰለቱ ዕድሜ ብዙው በአንድ ጠዋት አለቀ። የሥራው ባለቤት ሰምቶ ሲመጣ "አዲሱን ሰንሰለት ጨረሳችሁት!" ብሎ ጮኸ። ፎርማኑ መልስ አልሰጠውም፤ የጉብታ መለኪያ ግዛልን ብሎ ዋጋውን በወረቀት ጽፎ ሰጠው። ባለቤቱም እያጉረመረመ ገዛ።