አበባዋ ረግፎ ኦርኪዷን ላጠፋት ስል

እህቴ ባለፈው ዓመት መስከረም ከአዲስ አበባ ስትመጣ ኦርኪዷን እስከ ደሴ ድረስ ጭኗ ላይ አድርጋ ነው ያመጣችልኝ። ነጭ ናት፣ መሃሏን ወይን ጠጅ ነክቶታል፣ ዘጠኝ አበባ ነበራት። ቤቴ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ በጣቱ ይነካትና «የላስቲክ ናት እንዴ?» ይለኛል። ኅዳር ሲጋመስ አበቦቹ ከታች ጀምረው አንድ በአንድ ይወርዱ ጀመር። ታኅሣሥ ሲገባ ባዶ አገዳና አምስት ቅጠል ብቻ ቀረኝ።

ጎረቤቴ እትዬ ሉባባ ለቡና መጥተው አዩዋት። «አብሽሪ፣ የሷ ነገር አልቋል። ይልቅ መትከያው ያምራል፣ ጤና አዳም አድርጊበት» አሉኝ። አልጣልኳትም። አውቄ ግን አይደለም፤ እህቴ በደወለች ቁጥር «አበባዬስ?» ስለምትል አፍሬ ነው።

የአበባው መርገፍ በሽታ እንዳልሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። መትከያው ላይ የተለጠፈችው ወረቀት «ፋላኖፕሲስ» ትላለች፤ የኦርኪዷ ዓይነት ስም ነው። ስሙን ብሉሜ የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ በ1825 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን፣ በግሪክኛ የእሳት እራት የምትመስል ማለት ነው። አበባዋ ሁለት ሦስት ወር ከቆየ ዕድሜውን ጨርሷል፤ ከዚያ በኋላ ተክሏ ቅጠልና ሥር ወደማብቀሉ ትዞራለች። በትውልድ አገሯ በሩቅ ምሥራቅ ደኖች የምትኖረው ዛፍ ላይ ተለጥፋ ነው፤ ሥሯ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ዝናብ ሲመጣ ይርሳል፣ ወዲያው ይደርቃል። ይህቺን አንዲት ነገር አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ከታች ያለውን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር።

መጀመሪያ አገዳውን ቆረጥኩ። አገዳው አረንጓዴ ስለነበር ከታች ሁለት አንጓ ቆጥሬ፣ ከሁለተኛው በላይ በመቀስ። አረንጓዴ ከሆነ ከአንጓው ሌላ ቅርንጫፍ ሊወጣ ይችላል ሲባል ሰምቼ ነው፤ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ከሥሩ ይቆረጣል። መቀሱን ግን እሳት አላስነካሁትም፣ በአልኮልም አልጠረግሁትም። ሽንኩርት የምቆርጥበት ነበር፤ ተርፌያለሁ እንጂ።

ውሃው ላይ ግን አልተረፍኩም። እህቴ ያመጣችበት የውጪው መትከያ የሸክላ ነው፣ ቀዳዳ የለውም። እኔ በየሁለት ቀኑ አንድ ብርጭቆ ውሃ ከላይ አፈስላታለሁ፣ ውሃው ታች ይጠራቀማል፣ ሥሩ እዚያ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያድራል። ቅጠሎቹ ለዘዙ፣ ከዚያ የአሮጊት እጅ መስለው ተጨማደዱ። የተጨማደደ ቅጠል ሳይ የመጣልኝ ጥም ነው፤ ውሃ ጨመርኩ። የባሰ ተጨማደደ። በየቀኑ አደረግሁት። እትዬ ሉባባም በደግነት የቡና አተላ ጣል አደረጉባት፤ የሳቸው አበቦች በሱ ነው የሚፋፉት።

ይባስ ብሎ ጥር ላይ ከቀረው አንጓ ትንሽዬ ቅርንጫፍ ወጣች። ደስ አለኝ፣ ለእህቴ ፎቶ ላክሁላት። እህቴ ፎቶውን አይታ ስለ ቅርንጫፏ ምንም አላለችም፤ «ቅጠሉ ምን ሆኖ ነው? ሥሩን እስቲ አውጪው» አለችኝ።

አወጣሁት። ሽታው እንደ ከረመ የአበባ ውሃ ነው። ጤነኛ ሥር ሲጫኑት ጠንከር ይላል፤ ሲደርቅ ብርማ፣ ሲርስ አረንጓዴ ይሆናል። የኔን በጣቴ ስይዘው ልጣጩ ተንሸራትቶ ወጣና ውስጡ ያለችው ክር ብቻ እጄ ላይ ቀረች። ከአሥራ አራት ሥር ዘጠኙ እንደዚያ ነበሩ። ለካ ቅጠሉ ተጠምቶ ኖሯል፣ የሚጠጣበት አፍ ግን በውሃ በስብሶ ነበር። አሁን ቅጠል ሲጨማደድ መጀመሪያ ጣቴን መትከያው ውስጥ እከታለሁ፦ ደረቅ ከሆነ ውሃ፣ እርጥብ ከሆነ ሥሩን ማየት።

የበሰበሰውን ሁሉ እሳት ባስነካሁት መቀስ ቆርጬ ጣልኩ፣ ቁስሉ ላይ ብቻ ከወጥ ቤት የተፈጨ ቀረፋ ነሰነስኩ። ቀረፋ ያደርቃል፤ ደህናው ሥር ላይ ከተበተነ እሱንም ያደርቀዋልና እጅ ማብዛት አይገባም። ያቺን ያስደሰተችኝን ቅርንጫፍም ከነአገዳዋ ከሥር ቆረጥኳት። አምስት ሥር የቀራት ተክል አበባ ልመግብ ካለች ራሷን ትበላለች። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ያመመኝ ይሄ ነው።

ለኦርኪድ ተብሎ የሚሸጥ ቅርፊት ደሴ ላይ አላገኘሁም። ከእንጨት መሰንጠቂያ ፓቹላ የሚባለውን ዛፍ ቅርፊት ለመንኩ፤ ሰውየው ለማገዶ መስሎት ግማሽ ማዳበሪያ ሞላልኝ። የአውራ ጣት ጫፍ አሳክዬ ሰባበርኩት፣ ቀቅዬ አደረቅኩት፣ ሲሶ ያህል በዚያው መጠን የተሰበረ ከሰል ጨመርኩበት። አፈር በጭራሽ የለበትም። መትከያው ባለሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ነው፦ አንገቱን ቆርጬ፣ ታቹንና ጎኑን በጋለ ምስማር በሳሳሁት። አያምርም። ግን ሥሩ ከውጭ ይታያል፣ ብርማ ሲሆን ውሃ፣ አረንጓዴ ከሆነ ዝም።

ከዚያ ደግሞ ብርዱ አሳሰበኝ። የጠረጴዛ ሰዓቴ ሙቀትም ያሳያል፤ ጥር ላይ ንጋት መስኮቱ ሥር 11 ዲግሪ አነበብኩ። እሷ ደግሞ ቀን ከ20 በላይ፣ ሌሊት ከ15 ብዙም የማይወርድ ነው የምትወደው። ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ ያጠፏታል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ወንድሜ ቤት ላክኋት። የሃረጎን ተራራ ወርዶ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን ከደሴ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል አራት ዲግሪ ያህል ይሞቃል። የወንድሜ ሚስት በደስታ ተቀብላ፣ ይሙቃት ብላ፣ የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው በረንዳ ላይ አስቀመጠቻት። በሳምንቱ ትልቁ ቅጠል ላይ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ነጭ ቃጠሎ ወጣ። እሷን ምን ልበላት፤ እኔም ሙቀት እንጂ ስለ ብርሃን አንድ ቃል አልነገርኳትም። የተቃጠለ ቅጠል ተመልሶ አይድንም። ጠባሳው ዛሬም አለ። መጋቢት ላይ መልሼ አመጣኋት።

አሁን የምትቀመጠው የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ነው፣ ስስ መጋረጃ ከፊቷ አለ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቶሎ ጦሳ ተራራ ጀርባ ስለምትገባ የሚያቃጥላት የለም። ማታ ከመስታወቱ ክንድ ያህል አርቃታለሁ። ውሃ የምሰጣት ጠዋት ብቻ ነው፦ ሳፋ ውስጥ አሥር ደቂቃ አስቀምጣትና አንስቼ አንጠፈጥፋታለሁ። ቅጠሎቹ በሚገናኙበት እምብርት ላይ ውሃ ከቀረ በጥጥ አደርቃለሁ፤ እዚያ ያደረ ውሃ ልቧን ያበሰብሳል። በበጋ ሳምንት፣ በክረምት ጉሙ ቤት ድረስ ሲገባ አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ቀን ትቆያለች። ክረምት ላይ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ዝናብ አጠራቅምላታለሁ። ማዳበሪያ፣ እህቴ የላከችልኝን በውሃ የሚሟሟ፣ ከተጻፈው ሩቡን ብቻ በሁለት ሳምንት አንዴ። እትዬ ሉባባ ዩሪያ ሊሰጡኝ ፈልገው ነበር፤ ዩሪያ ግን በደንብ የሚሠራው አፈር ውስጥ ባሉ ተሕዋስያን ነው፣ ቅርፊትና ከሰል ላይ ያን ያህል አይጠቅማትም።

ሚያዝያ ላይ አዲስ ሥር፣ ሰኔ ላይ አዲስ ቅጠል ወጣ። ጥቅምት መጨረሻ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ከቅጠል ብብት አንዲት አረንጓዴ ነገር ብቅ አለች። ሥር ናት ወይስ አገዳ ብዬ አሥር ቀን ጠበቅኩ። የሥር ጫፍ ክብና ለስላሳ ነው፤ የዚች ጫፍ ሹል ነበር፣ አውራ ጣቱ ብቻ እንደተለየ የልጅ ጓንት፣ ወደ ብርሃኑም ቀና አለች። እዚህ ላይ የደሴ ብርድ ለካ ወዳጅ ኖሯል፤ ፋላኖፕሲስ አገዳ እንድታወጣ የሚቀሰቅሳት ጥቂት ሳምንት ቀዝቀዝ ማለቱ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ድረስ ያሸሸኋት ከሱ ነበር። ልኩን ማወቅ ነው ጣጣው፦ 16 ይቀሰቅሳታል፣ 11 ያሳምማታል።

አገዳው ከወጣ ወዲህ መትከያውን ማዞር ትቻለሁ፣ ካዞሩት ይጠማዘዛል። በቀጭን ሸምበቆ ደግፌ በክር ላላ አድርጌ አሰርኩት። የካቲት መጀመሪያ አራት አበባ ፈካ። አራት ብቻ ነው፣ ግን እትዬ ሉባባ ገብተው በጣታቸው ነኩና «ይቺኛዋንስ ከየት ገዛሻት?» አሉኝ። ያችው ናት ብላቸው አላመኑኝም። የተቃጠለውን ቅጠል አሳየኋቸው።