ሆድ ሲጠነክር ወገብ ያርፋል

የወገቤ አከርካሪ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ሕመም) እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ ከሕመሙ በላይ ያስቸገረኝ ፍርሃቱ ነው። ጎንበስ ስል ወገቤ የሚቀነጠስ ይመስለኝ ነበር። ከወንበር ለመነሳት እንኳ የሰው እጅ እጠብቅ ጀመር። ቤተሰቡም ከፍቅር የተነሳ «እርስዎ ዝም ብለው ይቀመጡ» ይላል። ይህ ምክር በጣም ያሳዝነኛል። ተቀምጦ የዋለ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ያኔ ሸክሙ ሁሉ ያረጀው መገጣጠሚያ ላይ ይወድቃል።

በእንቅስቃሴ የምታክመኝ ፊዚዮቴራፒስት ነገሩን ቁልጭ አድርጋ አስረዳችኝ። በአከርካሪ አንጓዎቹ መሃል እንደ ትራስ ያሉት ዲስኮች ከዕድሜ ጋር ውሃቸውን እያጡ ይሳሳሉ፤ የመገጣጠሚያዎቹ ለስላሳ ልባስም ያልቃል። ያንን እንደ አዲስ መመለስ አይቻልም። ጡንቻ ግን በ70ም በ80 ዓመትም ይጠነክራል። ሆድን ዙሪያውን እንደ መቀነት የሚይዝ ጡንቻ አለ፤ አከርካሪውን ተከትለው የሚወርዱ ትንንሾችም አሉ። እነሱ ሲበረቱ ወገብ ደጋፊ ያገኛል።

ያስተማረችኝን እንዲህ እሠራለሁ፦ በጀርባዬ ተኝቼ ጉልበቴን አጥፋለሁ። አየር ቀስ ብዬ እያስወጣሁ እምብርቴን ወደ ውስጥ ሳብ አደርጋለሁ። ትንፋሽ መያዝ የለም፤ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። መጀመሪያ ሰሞን ጣቶቼን ከዳሌዬ አጥንት ገባ ብሎ ሆዴ ላይ አሳርፍ ነበር። የሞተ የመሰለኝ ጡንቻ ከጣቴ ሥር ጠበቅ ሲል የተሰማኝን ደስታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ቀጥሎ መቀመጫዬን ከፍ አድርጌ ትንሽ ቆይቼ አወርዳለሁ። ስጨርስ በጎኔ ዞሬ በክንዴ ተደግፌ እነሳለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅትም ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያዳብር እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይመክራል።

ሕመሙ ጠፍቷል አልልም። ጠዋት ወገቤ ደርቆ ያድራል፤ ወዲያ ወዲህ ስል ይለቀኛል። ግን እንቅልፌ ተስተካክሏል፤ ደረጃ ስወርድም እንደ ድሮው ልቤ አይመታም። ብቻ እንደኔ ወገባችሁን የሚያማችሁ ሁሉ ይህን ያዙልኝ፦ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭን መሃል ከደነዘዘ፣ እግር ድንገት ከከዳ ነገ ሳይባል ወደ ሐኪም ነው።

አሁን በእጅና በጉልበት ተንበርክኬ አንድ እጅና ተቃራኒውን እግር አብሮ መዘርጋት እየተማርኩ ነው። ገና ያንገዳግደኛል። «ለጊዜው እግርዎን ብቻ ይዘርጉ፤ እጁ ይደርሳል» ብላኛለች ፊዚዮቴራፒስቷ።